በስሜን ተራሮች ድንኳን ለሚተክሉ ሰዎች ስለሚገባው ደንብና መገልገያ

ሰፈር ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ በድንኳን ይኖሩ በነበረበት ዘመን የሰፈሩ ሥርዓት የጠበቀ እንደ ነበር ከታሪክ እናውቃለን። የንጉሡ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ፊቱ የማን፥ ቀኙ የማን፥ ግራው የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበር፥ ያ ሁሉ ሠራዊት በማያውቀው ሜዳ ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ካስማውን የሚመታበትን ስፍራ አያጣም ነበር። ደጃዝማች፥ ፊታውራሪ፥ ቀኛዝማችና ግራዝማች የተባሉት ማዕርጎችም ከዚሁ ከሰፈርና ከጉዞ ሥርዓት የወጡ ናቸው።

ይሁን እንጂ ያ ሥርዓት መላ ያላገኘለት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የማገዶ ነገር ነው። በሰፈሩ ዙሪያ ያለው ዛፍ ባለቀ ጊዜ ሰፈሩ ይነቀልና ሌላ ደን ወዳለበት ይሄዳል። አዲስ አበባ እንኳ ከተቈረቈረች በኋላ ማገዶ ስላጠራት፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓመታት አዲስ ዓለምን ሌላ ከተማ ለማድረግ ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማዪቱን ከመነቀል ካዳኗት ነገሮች አንዱ ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።)

ይህን የቀድሞ ነገር ያነሣነው ዛሬ በብሔራዊ ፓርኮቻችን ስለሚተከለው ድንኳን ለመናገር ነው። በፓርክ ውስጥ ያለ መስፈሪያ እንደ ንጉሥ ሰፈር ተነቅሎ ወደ ሌላ ደን ሊሄድ አይችልም። ስፍራው አንድ ነው፤ ዛሬ የሚያድርበት ሰውና ከ20 ዓመት በኋላ የሚያድርበት ሰው ካስማቸውን የሚመቱት በአንድ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ ደንቡም መገልገያውም ከጥንቱ የጠበቀ ሊሆን ይገባዋል። ለምሳሌ የምንወስደው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ነው፤ ከፓርኮቻችን ሁሉ ድንኳን ተክሎ በማደር ስመ ጥር የሆነው እርሱ ነውና።

ከአስመራ ተነሥቶ በአድዋ፥ በአክሱምና በሽሬ አልፎ ተከዜን ከተሻገረ በኋላ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ የሚወጣውን የጣልያን ዘመን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ፥ ደባርቅ የት እንዳለች አይጠፋውም። ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ይህች ከተማ የፓርኩ በር ናት፤ ጐብኚው የመግቢያውን ክፍያ የሚከፍለው፥ አስጎብኚውን፥ ጠመንጃ የያዘውን ጥበቃና በቅሎውን የሚያገኘው በዚያ ነው። ከደባርቅ ወጥቶ የሚታደርባቸው ዋና ዋና መስፈሪያዎች ሦስት ናቸው። ሳንቃበር 3250 ሜትር ገደማ፥ ግጭ 3600 ሜትር ገደማ፥ ጨነቅ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ መኪና ይደርሳል፤ ወደ ግጭ ግን በእግርና በበቅሎ ካልሆነ አይደረስም።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ እርሻው፥ ግጦሹና መንገዱ እየገፋ ዋልያውም እየተመናመነ ስለ ሄደ፥ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት ቅርሶች ጋር ተመዘገበ። ከዚህ መዝገብ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ በየትም ዱር የማይገኝ እንስሳ ስለ ሆነ ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ይወጣ ዘንድ ዋጋ የከፈለ ሰው አለ። በግጭ ሜዳ ዳር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ገብስ እያረሰ፥ ከብት እያሰማራ የኖረ አንድ መንደር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የሆኑ አባወራዎች ያን መንደር ለቀው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። የካሣውና የሰፈራው ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለ ሆነ ዛሬ አናነሣውም። ነገር ግን አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ ያ ገበሬ እንዲለቅ የተነገረው ምድጃው ደኑን፥ በሬው ሣሩን፥ ማረሻው አፈሩን ይጎዳል ተብሎ ነው። ለእንጀራው እሳት የሚያነደው ሰው ከተከለከለ፥ ለደስታው የሚመጣው ሰው በዚያው ምድር ላይ አስታ ቈርጦ እሳት ዙሪያ ሊጫወት እንዴት ይፈቀድለታል? ለድንኳን ተካዩ የሚወጣው ደንብ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሆን የሚችል መሆን አለበት።

አስታ የደጋው ዛፍ ነው። በዚያ ብርድ የሚበቅለው እጅግ በዝግታ ስለ ሆነ፥ አንድ ሌሊት ለመሞቅ የሚነደው ግንድ ስንት ዓመት እንደ ፈጀ የሚያስብ የለም። በፓርክ ውስጥ እንጨት መቍረጥ ክልክል ነው የሚለው ቃል የታወቀ ነው፤ ማንም ባለሥልጣን ይህን ቃል መጻፍ አይከብደውም። ከባዱ ነገር ቃሉ እንዲፈጸም የሚያደርገውን ነገር ማቅረብ ነው።

በምጽዋ ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። በግጭ ከፍታ ግን አየሩ ስስ ስለ ሆነ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው ይንፈቀፈቃል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ባቄላውም፥ ምስሩም፥ ሥጋውም ቶሎ አይበስልም። በቈላ በአንድ ሰዓት የሚበስለው ወጥ በዚያ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ማገዶውም በዚያው ልክ ይጨምራል። የፓርክ ደንብ የሚያወጣ ሰው የቢሮውን ምድጃ እንጂ የግጭን ምድጃ ካላሰበ፥ የሚያወጣው ደንብ በመጀመሪያዋ ማታ ይፈርሳል።

ደግሞስ ደንቡን የሚያፈርሰው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የባሕር ማዶውን ጐብኚ እንጠረጥራለን። እርሱ ግን በላባ የተሞላ የመኝታ ከረጢት፥ ውርጭ የማያስገባ ድንኳንና የጋዝ ምድጃ ይዞ ይመጣል፤ ራቱን በልቶ በጊዜ ይተኛል። እሳት የሚያስፈልገው ከእርሱ ጋር የመጣው ሰው ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ጐብኚ አንድ አስጎብኚ፥ አንድ ጥበቃ፥ አንድ ወጥ ሠሪና የበቅሎ ነጂዎች አብረው ይወጣሉ፤ አገልጋዩ ከተገልጋዩ የሚበዛበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እነዚህ ሰዎች ከጋቢና ከአንድ ብርድ ልብስ በቀር የሌሊት ልብስ የላቸውም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጧት ሣሩ በበረዶ ነጭ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ጥበቃው ራሱ ውርጭ ሲመታው ምን ያደርጋል? ደኑን እንዲጠብቅ የተቀጠረው ሰው ከደኑ ቈርጦ ካልሞቀ ሌሊቱ አያልፍለትም። ይህን ሰው ሕግ አፈረስህ ብሎ መቅጣት ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ጎደሎ ይሆናል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ መስፈሪያ ከሁሉ አስቀድሞ ሊሠራ የሚገባው ለጥበቃዎች፥ ለወጥ ሠሪዎችና ለበቅሎ ነጂዎች ነፋስ የማያስገባ ማደሪያ ቤትና በአንድነት የሚያበስሉበት ማድ ቤት ነው እንላለን። ለጐብኚው የገላ መታጠቢያ፥ የመቀመጫ ወንበር፥ የመመልከቻ ሰገነት ሁሉ መልካም ነገር ነው፤ ተራው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥሎ የሚያስፈልገው የላምባና የጋዝ መጋዘን ነው። ከደባርቅ በጅምላ እየወጣ በየመስፈሪያው በታወቀ ዋጋ የሚሸጥ ነዳጅ ካለ፥ ማገዶ የሚቈርጥ ሰው ምክንያት ያጣል። የነዳጁ ዋጋም በጉዞው ዋጋ ውስጥ ገብቶ ለአገልጋዮቹም ጭምር መከፈል አለበት፤ አለዚያ ነጂው ከዕለት ገቢው ቀንሶ ላምባ ይገዛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የደባርቅና የጎንደር ነጋዴዎች በዚህ ሥራ ጥቅም አላቸው። ድንኳን፥ ወፍራም ብርድ ልብስ፥ ፍራሽና ምድጃ ማከራየት ጥሩ ንግድ ነው፤ ለጐብኚው ብቻ ሳይሆን ለአጃቢዎቹም ቢያከራዩ ዕቃው በወር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይወጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን፤ ላምባ በሚያፈስ አሮጌ ጀሪካን ተሞልቶ ከምግብ ጋር በአንዲት በቅሎ ላይ የሚጫንበት ልማድ ይቅር። ዱቄቱም ይበላሻል፤ የበቅሎዋም ጀርባ ይቈስላል።

ስለ እሳት ከተነሣ በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የደረሰውን የሚረሳ የለም። እሳቱ ጠፋ ሲባል እንደ ገና እየተቀሰቀሰ ብዙ ሣርና አስታ በላ። የአካባቢው ገበሬ ቅጠልና አፈር ይዞ ገደል ለገደል ሲታገል ሰነበተ፤ በመጨረሻም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ረዱ። እሳቱን ያስነሣው እንዲህ ነው ብለን በማንም ላይ አንፈርድም። ነገር ግን በበጋ መጨረሻ በደረቀ ሣር መካከል አንዲት የክብሪት እንጨት ምን እንደምታደርግ ሁሉም አይቷል። ስለዚህ ከመጋቢት እስከ ዝናቡ መምጫ ድረስ ከማድ ቤቱ ውጭ ማናቸውም እሳት፥ ሲጋራ ጭምር፥ ጨርሶ ይከልከል። በእያንዳንዱ መስፈሪያም አካፋ፥ ዶማና ውሃ የተሞላ በርሜል ሁልጊዜ ይቀመጥ። ሄሊኮፕተሩ እስኪመጣ ብዙ ቀን ያልፋል፤ አካፋው ግን እዚያው ነው።

አሁን ደግሞ ሰው በጨዋነት ስለማያነሣው ነገር እንናገር። በደጋ ብርድ ቈሻሻ ቶሎ አይበሰብስም። በቈላ በጥቂት ሳምንት አፈር የሚሆነው ነገር በዚያ ለብዙ ወር ሳይለወጥ ይቈያል፤ ወረቀቱም በነፋስ ከጅብራው ላይ ይሰቀላል። የስሜን ምንጭ ሁሉ ቍልቍል ወርዶ ወደ ተከዜ ይሄዳል፤ በመንገዱም ከገደሉ ሥር ያለው ሕዝብ ይጠጣዋል። እንግዲህ በምንጭ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው የሚያቈሽሸው የማያውቀውን ሰው እንስራ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ከመስፈሪያው ዝቅ ብሎ፥ ከምንጭና ከጅረት ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ ይቈፈር፤ በር ይኑረው፤ አመድ ወይም አፈር በአጠገቡ ይቀመጥ። ለጐብኚው አንድ፥ ለአገልጋዩ ሌላ ተብሎ የሚከፈልና የአገልጋዩ ሳይሠራ የሚቀር ከሆነ ግን ምንም እንዳልተሠራ ይቈጠራል። ከመስፈሪያ ርቆ ሳለ የሚቸግረው ሰው አንድ ስንዝር ያህል ቈፍሮ መቅበር ይችላል። ለመጠጥ የሚቀዳው ውሃም በዚያ ከፍታ ከፈላ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ በእሳት ላይ ይቈይ። ሳሙና በጅረት ውስጥ አይታጠብበት፤ ውሃው በባልዲ ይቀዳና ከጅረቱ ርቆ ይታጠቡበት።

የጥራጊውን ነገር ነጋዴዎቻችን ከሁሉ ይልቅ ሊያቃልሉት ይችላሉ። ድሮ የሰፈር ጥራጊ አመድና አጥንት ነበር፤ ዛሬ ቈርቈሮ፥ ባትሪ ድንጋይና ሰው ሁሉ ሃይላንድ እያለ የሚጠራው የውሃ ላስቲክ ነው። ይህ ነገር አይበሰብስም፤ ቢቀበር አውሬ ያወጣዋል፤ ቢቃጠል ጢሱ ይከረፋል። መድኃኒቱ ወደ መጣበት መመለስ ብቻ ነው። ይህም አያስቸግርም፤ በቅሎዋ ምግብና ውሃ ተሸክማ ትወጣለች፥ ስትመለስ ግን ጭነቷ ቀሏል። የቢራ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው መያዣ ያስይዛል፤ ጠርሙሱን ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበላል። ይህን ሥርዓት የማያውቅ ባለ ሱቅ የለም። በደባርቅ ወደ ፓርኩ የሚገባው ላስቲክና ጣሳ በቍጥር ተጽፎ መያዣ ቢከፈልበት፥ ሲመለስም ቢቈጠር፥ ጐብኚው ባይጨነቅ እንኳ በቅሎ ነጂው ሰብስቦ ያመጣዋል፤ ገንዘቡ የእርሱ ይሆናልና። ይህን ለማድረግ አንድ መዝገብና አንድ ታማኝ ጸሐፊ ይበቃል።

ስለ እንስሳቱ ብዙ አንናገርም። ጭላዳ ሣር የሚነጭ እንስሳ ነው፤ ዳቦና ብስኵት የሚወረውርለት ሰው ወዳጁ መሆኑ አይደለም፤ ሌባ እንዲሆን ያስተምረዋል እንጂ። ቁራውም እንዲሁ ነው፤ ስንቅ ክፍት የተተወ እንደ ሆነ ጠያቂ አይጠብቅም። ውሻ ግን በምንም ምክንያት ወደ መስፈሪያ አይግባ። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ጨርሷል፤ በስሜን ያለው የቀይ ቀበሮ ቍጥር ደግሞ ከባሌው እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስበት አይተርፍም። የዘፈን መሣሪያና የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይዘጋ።

በትርጉም ሥራ ለኖረ ሰው ደግሞ አንድ የሚከነክነው ነገር አለ። በብዙ የመንግሥት ስፍራ የሚሰቀለው ማስታወቂያ አስቀድሞ በባዕድ ቋንቋ ይታሰብና በኋላ ወደ አማርኛ ይገለበጣል። ውጤቱም «እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ቈሻሻ መጣል ክልክል ነው፤ ማለፍ ክልክል ነው» የሚል የክልከላ ሰልፍ ነው። አንባቢው ምን እንዳያደርግ ያውቃል፤ ምን እንዲያደርግ ግን የሚነግረው የለም። «ምግብህን በማድ ቤቱ አብስል፤ ላምባ በመጋዘኑ ይሸጣል፤ ጣሳህን ለነጂው ስጥ፤ መጸዳጃው በስተ ምሥራቅ ነው» ተብሎ ቢጻፍ ቃሉ ያው ሕግ ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚፈጽመው ሕግ ነው። ማስታወቂያውን ከጐብኚው ይልቅ የሚያነበው ጥበቃውና ነጂው ስለ ሆነ፥ አማርኛው የባዕዱ ቋንቋ ጅራት ሆኖ ከግርጌ በደቃቅ ፊደል አይጻፍ። ማንበብ ለማይችለውም ሰው ሥዕል ይጨመርበት።

ስለ ገንዘብ የምንለው አጭር ነው። መግቢያ የከፈለ ሰው ገንዘቡ የት እንደ ገባ በመስፈሪያው ላይ ማየት አለበት። መጸዳጃው በር ከሌለው፥ የማድ ቤቱ ጣራ የሚያፈስ ከሆነ፥ ደረሰኙ ምንም ያህል ማኅተም ቢኖረው ከፋዩ ተታለልሁ ይላል፤ ተታለልሁ ያለ ሰውም ደንብ አያከብርም። ከዚያው ገቢ ለቀድሞው የግጭ ሰዎች ልጆች በጥበቃነት፥ በአስጎብኚነትና በመስፈሪያ ጠባቂነት የሥራ ቅድሚያ ቢሰጣቸው ፍርድ ነው፤ ስፍራውንም ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቀው የለም።

በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት፥ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የጐብኚውን ቍጥር እጅግ አሳንሶታል፤ በበቅሎውና በአስጎብኚነቱ ይኖር የነበረውን ሕዝብም ጎድቶታል። ብዙ ሰው ጐብኚው ይመለስ እንጂ ስለ ደንቡ በኋላ እናስባለን ይል ይሆናል። እኛ የምናስበው በተቃራኒው ነው። ጐብኚው አንድ ጊዜ ተመልሶ መስፈሪያው ከሞላ በኋላ ጉድጓድ መቈፈርም ልማድ መለወጥም አይቻልም፤ መጀመሪያ የመጣው ሰው ያነደደበት ስፍራ ለተከታዩ ሁሉ ምድጃ ሆኖ ይቀራልና። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሹማምንትና የደባርቅ አስተዳደር፥ ከነጋዴዎችና ከበቅሎ ባለቤቶች ማኅበር ጋር ተቀምጠው የመያዣውን ልክ፥ የላምባውን ዋጋና የማደሪያ ቤቱን ሥራ ሊወስኑ የሚችሉት ሥራ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ለስብሰባው ብዙ ወረቀት አያስፈልግም። የቤቱ ሥራ አንድ ዓመት ይፈጅ ይሆናል፤ ይህን እንታገሣለን። የላምባው መጋዘን ግን ከመስከረም በፊት መሞላት ይኖርበታል፤ ከጥቅምት ጀምሮ በግጭ ሌሊቱ ውርጭ ነው።